ፀጉር የማያሳልፍ በር

የሰፈራችን በሮች አልዘጋ ያሉበት ክረምት በልጅነቴ ካየኋቸው ክረምቶች ሁሉ ደስ ያለኝ ነበር። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ይደነግጣል። እኔም እደነግጣለሁ። ግን ልጅ የሚያየው ከትልቅ ሰው ጉልበት በታች ያለውን ነው፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ከጉልበት በታች ቤታችን በእንጨት ፍቅፋቂና በሰጋቱራ ተሞልቶ ነበር።

አባቴ አናጢ ነበር። ቤታችን ከዳገቱ ግርጌ፣ ከዋናው መንገድ ማዶ ሲሆን ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ የእሱ መሥሪያ ነው። ፊት ለፊታችን ዳገቱን ሽቅብ የሚወጣ ጠባብ መንገድ አለ፤ በአንድ ወገኑ ቤቶች ተደርድረዋል፣ በሌላው ወገኑ የጎርፍ ቦይ ይወርዳል። የእነዚያን ቤቶች በርና መቃን ከታች እስከ ላይ የሠራው አባቴ ነው። ሁሉንም የሰቀለው አንድ ዓይነት አድርጎ ነው፤ ማጠፊያው በዳገቱ በኩል፣ እጀታው በቁልቁለቱ በኩል። «በር እንደ ሰው ነው፣ ጀርባውን ወደ ዳገት ሲሰጥ ደስ ይለዋል» ይል ነበር። የእሱ ነገር ብዙ ጊዜ ከቀልድ ይሁን ከቁም ነገር አይለይም።

ዝናቡ እንደ ማንኛውም ክረምት ጀመረ፤ ከዚያ ማቆሙን ረሳው። ጠዋት ይዘንባል፣ ከሰዓት ይዘንባል፣ ሲያባራ ደግሞ ሊደግም ነው የሚያባራው። ቦዩ ሞልቶ ውሃው በመንገዱ ላይ መሄድ ጀመረ። የታጠበ ልብስ አልደርቅ አለ፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ሆነ፣ እናቴ ከግድግዳው ላይ ሻጋታ እየፋቀች ዋለች። ትልልቆቹ ሰማዩን እያዩ ያማርራሉ። እኔ ግን ሰማዩን ወድጄው ነበር፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ሰው ወደ ቤታችን የሚመጣው በእሱ ምክንያት ነው።

«በሬ አልዘጋ አለኝ» ትላለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ውሃው ከሻሿ እየተንጠባጠበ።

«የእኔማ አልከፈት ብሎ በትከሻዬ ነው የወጣሁት» ይላል ሾፌሩ።

አባቴ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ይስቃል። «ዝናብ ነው። እንጨት ውሃ ይጠጣል፣ ጠጥቶ ያብጣል። አይዟችሁ፣ በጋ ሲገባ ወደ ልኩ ይመለሳል።» ይህንን የሚናገረው አፉን ሞልቶ ነው። ከዚያ ወጥቶ የሚይዘውን ቦታ በመዳፉ ዳብሶ ያገኘዋል፣ በሩን ነቅሎ ያመጣዋል፣ በመላጊያ ይልገዋል። መላጊያው አልበቃ ሲለው ከበሩ ግንባር፣ ከላይኛው ጠርዙ፣ ላይ ቀጭን ቁራጭ በመጋዝ ይቆርጣል። ቁራጮቹ የእኔ ናቸው። በአንድ ጫፋቸው እንደ ወረቀት የሳሱ፣ በሌላው ጫፋቸው ጣት የሚያክሉ ረጃጅም እንጨቶች ናቸው፤ በአንድ ፊታቸው የበሩ ቀለም አለባቸው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ። ከአልጋዬ ሥር አከማቸኋቸው፤ ከእኔ የበለጠ ሀብታም በሰፈሩ የለም ብዬ አምን ነበር።

አያቴ፣ እኔም አባቴም እማማ የምንላት የእናቴ እናት፣ ከዳገቱ ላይኛው ጫፍ ብቻዋን ትኖር ነበር። እናቴና አባቴ «እኛ ጋ ይምጡ» ብለው በየጊዜው ይለምኗታል፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። ቤቷን ከባሏ ጋር ድንጋይ ተሸክማ የሠራችው ናት። በዚያ ክረምት ጓሮዋ ውስጥ ምንጭ ፈለቀ። ከሣሩ መሃል ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል እኔና እሷ አብረን አጨበጨብን። «ደጄ ድረስ መጣልኝ» አለች። «ከእንግዲህ ባልዲ ተሸክሜ አልወርድም።» ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ተረት ያስተማረችኝ እሷ ራሷ ናት፤ ያን ዕለት ግን ሁለታችንም አላስታወስነውም።

ከአያቴ ቤት ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ይኖር ነበር። ሰዉ ሁሉ የሚጠራው መርፌ ብሎ ነው፤ ቀጭን ስለሆነም፣ ሥራውም ስለሆነ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ቤቱ አንድ ክፍል ናት፤ በመስኮቷ ላይ ሌባ እንዳይገባ ብረት አስበይዶበታል፣ ምክንያቱም ውስጥ ያለው የሰው ልብስ ነው። እኔን «ቁራጬ» ይለኛል፣ አጭር ነበርኩ። የጨርቅ ቁርጥራጭ እሱ ይሰጠኛል፣ የእንጨቱን አባቴ፤ በሁለቱ ነው አሻንጉሊቴን ያኖርኳት። አያቴና መርፌ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀላለዳሉ። እሷ «አንተ ደግሞ በር ምን ያደርግልሃል፣ በቁልፍ ቀዳዳ የምትገባ ሰው» ትለዋለች። እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

የትምህርት ቤት ልብስ የሚሰፋበት ወቅት ነበር። ቤቱ እስከ ጣራው ድረስ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል። አንድ ቀን ጠዋት አባቴን አስጠራው፤ በሩ ይይዛል፣ በዚያ ላይ በላይ በኩል ቀደም ሲል አባቴ በቆረጠው ክፍተት እርጥበት እየገባ ልብሱን ሊያሻግትበት ነው። አባቴ በጥንቃቄ ሠራለት። የሚይዘውን ላገው፣ የሳሳውን ደግሞ በቀጭን ጣውላ ሞላው፣ በየዙሪያው ዳበሰው። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጨርቅ እየለቀምኩ ነበር። ሲጨርስ ጠራኝና ከራሴ ላይ አንድ ፀጉር ነቀለ። ፀጉሩን በመቃኑና በበሩ መሃል አድርጎ ዘጋውና «ሳቢው» አለኝ። ስስበው ተበጠሰ።

«አየህ፣ ፀጉር አያሳልፍም» አለው ለመርፌ።

መርፌ እጁን እያሻሸ በሩን ደጋግሞ ከፈተው፣ ዘጋው። ድምፅ የለውም። «እጅህን ይባርከው» አለ። አባቴ ደስ ሲለው እንደሚያደርገው አንገቱን አከከ። ዳገቱን ስንወርድ እጄን ይዞ ያፏጭ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ የአሻንጉሊቴን ግቢ አጥር ልሠራ ቁራጮቼን ከአልጋ ሥር አወጣኋቸው። ቀለማቸውን ወደ ላይ አድርጌ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ሳይታሰብ ድርድሩ መጉበጥ ጀመረ፤ ወፍራሙ ጫፍ ሁሉ በአንድ ወገን፣ የሳሳው ሁሉ በሌላው ወገን ስለዋለ ክብ ሠርቶ ዞረ። ለአሻንጉሊቴ ክብ ግቢ ደረሰላት። በጣም ኮራሁ።

አባቴ እጁን ሊጠርግ ገባና አየው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ቁጢጥ አለ።

«ይሄ የማን ነው?»

«አረንጓዴው የእማማ። ሰማያዊው የመርፌ። ቡናማው የዳቦ ጋጋሪዋ።»

«ያዞርሽው አለ? እንዲገጥምልሽ ብለሽ የገለበጥሽው?»

«የለም። ቀለሙ ሁሉ ወደ ላይ ነው።»

አንዱን አንስቶ አየ፣ መለሰው፣ ሌላ አነሳ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። የማይነካ ነገር የነካሁ መሰለኝ። ግቢዬን በሁለት እጁ አፍሶ ወደ እናቴ ሮጠ። የሳሱት ጫፎች እየተሰበሩ መሬት ላይ ሲወድቁ አለቀስኩ።

«ሁሉም በአንድ በኩል ነው» አላት። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ያበጠ እንጨት ቢሆን ጎን ጎኑን ነበር የሚይዘው፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ይሄ ሁሉም ግንባሩን፣ ሁሉም በቁልቁለቱ በኩል። እንጨቱ አይደለም።»

«እና ምንድን ነው?»

«መቃኑ ነው። ቤቶቹ ናቸው።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እናቴ» አለች።

«አትሰማኝም።»

«ብትሰማም ባትሰማም ይዘሃት ውረድ።»

ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አባቴ በእኔ ተናዷል፣ ንዴቱን ደግሞ በአያቴ ሊወጣ ነው። ዛሬ ሳስበው አባቴ በዚያች ሰዓት ያየው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ዳገቱ እየተንሸራተተ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዳገቱ በእያንዳንዱ በር ላይ ሲናገር እሱ እየላገ አፉን ሲያስዘጋው መክረሙ። ቱንቢውን፣ ያን በክር የሚንጠለጠል ብረት፣ ይዞ አንድ መቃን ለመለካት የሚፈጀው ክር እስኪረጋ ድረስ ብቻ ነው። ግን መቃኖቹን ራሱ ነበር የሠራቸው፤ አባቴ በእጁ የሠራውን መቃን ዳግመኛ በቱንቢ አይፈትንም ነበር። ይህ ኩራቱ ነበር።

ቱንቢውንና ካቻቢቴውን ይዞ በዝናቡ ውስጥ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

አያቴ ደፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አባቴ ሰላም እንኳ ሳይላት ቱንቢውን ከመቃኑ አናት ላይ አንጠለጠለ። ክሩ ተወዛውዞ ተወዛውዞ ሲረጋ ከመቃኑ እንጨት ርቆ ቆመ፤ መቃኑ ዘሞ ነበር። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«እማማ፣ ዛሬ እኛ ጋ ይደሩ።»

«ምን ሆኜ?»

«ዳገቱ እየወረደ ነው።»

ሳቀች። «ዳገት መቼ ይወርዳል? የሚወርደው ሰው ነው።»

«በሞቴ ይስሙኝ።»

«በሞቴ አትበለኝ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆመህ ‹ዝናብ ነው፣ በጋ ሲገባ ይመለሳል› ያልከኝ አንተ ነህ። የቱን ልመን?»

አባቴ ካቻቢቴውን አውጥቶ የማጠፊያዎቹን ብሎኖች ይፈታ ጀመር። አያቴ መጀመሪያ አልገባትም ነበር፤ የመጨረሻው ብሎን ሲወልቅና በሩ ትከሻው ላይ ሲወጣ ጮኸች። «አንተ ሰው፣ አብደሃል? ቤቴን ልትዘርፍ ነው?»

«በር በሌለው ቤት እንደማያድሩ አውቃለሁ» አለና በሩን ተሸክሞ ወጣ።

ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ተከተለችው። እየረገመችው፣ ድንጋይ ስትፈልግ እያጣች፣ ጭቃውን እየረገጠች። ሰዉ ወጥቶ ይስቅ ጀመር፤ አማት አማቿን ስታባርር ማየት በዝናብም ቢሆን ደስ ይላል። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የሰው በር የሚቀማ አባት ያላት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

መርፌ ሳቁን ሰምቶ ወጥቷል፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። አባቴ የአያቴን በር ከግድግዳ አስደግፎ ወደ እሱ ዞረ።

«ያንተንም ልፈታው። ዛሬ እኔ ጋ እደር።»

«ዛሬ ጠዋት የገጠምክልኝን ከሰዓት ልትነቅል መጣህ?» አለ መርፌ፤ አሁንም ቀልድ መስሎታል።

«ተሳስቼ ነበር። ዝናብ አይደለም።»

«እሺ፣ አይሁን። ይሄን ሁሉ የሰው ልብስ የት ላድርገው? በዚህ ውሃ ላውጣው? በር ከሌለኝ ሌባ አለ።»

«እንግዲያው ክፍት አድርገህ እደር። በጨርቅ ጥቅል ያዘው። አትዝጋው ብቻ።»

አባቴ ማጠፊያውን ለመያዝ እጁን ሲሰድ መርፌ ፊቱ ተቆጣ። ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም ነበር። «ወንድሜ፣ ደክሞሃል። ሂድ አማትህን አስታርቅ። ነገ እንጫወታለን» አለና አባቴን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ገፋው። እኔን በዓይኑ ጠቀሰኝ። ከዚያ በሩን ዘጋው።

በሩ ያለ ድምፅ ተዘጋ። አባቴ ፊት ለፊቱ ቆሞ ቀረ። በዚያ ሁሉ ውርደት መሃል እኔን ያጽናናኝ ይሄ ነበር፤ ቢያንስ በሩ እንዴት አምሮ ተዘጋ።

አባቴ ሲወርድ በየቤቱ እያንኳኳ ተናገረ። አንዳንዱ የፊቱን ሁኔታ አይቶ ልጆቹን ይዞ ወጣ። ብዙው ግን «ራስህ አይደለህ ያልከው» አለው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠሉን ይዞ የመጣው ሰው ትናንት እሳት የለም ብሎ ከነበረ ግን ማን ይሰማዋል። አያቴ እኛ ቤት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በሯ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ቁርስ እየበላን ነው። ከላይ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማ፤ ትልቅ ዛፍ የሚሰበር ዓይነት። ከዚያ የሰው ጩኸት፣ የሚሮጥ እግር። ዳቦ ጋጋሪዋ ልጇን አዝላ መንገዱን አቋርጣ መጣች። «መሬቱ ተሰነጠቀ። ሁሉም ወጥቷል» አለች፤ ትንፋሽ አጥሯታል። «መርፌ ብቻ። በሩ አልከፈት ብሎታል። ከውስጥ ይደበድባል።»

አባቴ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። እናቴ ስሙን ጠርታ ጮኸች፤ አልዞረም።

ያኔ ያሰብኩትን እናገራለሁ፤ ልጅ ነበርኩ። አፈርኩለት። ትናንት የጠገነው በር ዛሬ ተበላሸ ሊባል ነው ብዬ ለአባቴ አፈርኩለት። ስለ መርፌ አልፈራሁም። አያቴ ደጋግማ እንዳለችው፣ በቁልፉ ቀዳዳ ይወጣል አልኩ። ቀጭን ሆኖ ሲወጣ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ፣ ደህና አድርጎ ታየኝ።

ድምፁ የገባው በጆሮዬ ሳይሆን በእግሬ ነው። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሳህኖቹ ከመደርደሪያው ወረዱ። እናቴ ጭንቅላቴን ይዛ ቀሚሷ ውስጥ ቀበረችው። ፊቴን ስትለቀው ከመንገዱ ማዶ ዳገቱ አልነበረም። ቀይ አፈር ነበር፤ በአፈሩ ውስጥ ቆርቆሮ፣ የአልጋ እግር፣ ሰማያዊ ጨርቅ። ጭቃው ዋናው መንገድ ላይ ደርሶ ቆሟል። አባቴን ከተቆረጠው መንገድ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኙት፤ መጥረቢያው ጉልበቱ ላይ ነበር። የመርፌ ቤት የነበረው ከእሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። መርፌ በሩን ሲደበድብ እስከ መጨረሻው ሰምቶታል።

ቆፋሪዎቹ በሩን ከነመቃኑ አገኙት። ዙሪያው ሁሉ ተሰባብሮ እሱ እንደተዘጋ ነበር። አባቴ በውጭ በኩል ያለውን ጭቃ በእጅጌው ጠረገው፣ በመዳፉ ዳበሰው፣ ከዚያ ገለበጠው። ያኔ ጮክ ብሎ አለቀሰ። እኔ ለሥራው ያዘነ መስሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ያማረ በር ጭቃ ለብሶ። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ መርፌ በመቀሱ የፈለፈለው ጉድጓድ እንደነበረ እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ክፍተት ፍለጋ ዙሪያውን ሞክሮት ነበር። ክፍተት ግን አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ አባቴ መላጊያ አልያዘም። ሰው ሲጠይቀኝ «እጁን ታሞ ነው» እላለሁ፤ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ሜዳ ላይ ያለ ሰፈር ገብተን የመጋዘን ጥበቃ ሆነ። አዲሱ ቤታችን ውስጥ ከውጭው በር በቀር በር የለም፤ የክፍሎቹን ሁሉ ነቅሎ መጋረጃ ሰቀለባቸው። ጎረቤት «የአናጢ ቤት» እያለ ይስቅብናል። እኔም ስንፍና ነው ብዬ ተናድጄበት አደግሁ።

አያቴ እስክትሞት ድረስ የምትጠራው «በር ነቃይ» ብላ ነው። «በር ነቃይ፣ እራት ቀርቧል።» «በር ነቃይ፣ መድኃኒቴን አቀብለኝ።» ቂሟን መርሳት ያቃታት መስሎኝ ስንት ጊዜ በልቤ ወቅሻታለሁ። እናቴ እንደነገረችኝ ግን ስሙን ያወጣችለት ናዳው በወረደ ማታ ነው። እሱ ጥግ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጦ ሳለ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች፣ ጭቃ የያዘውን እጁን ጉልበቷ ላይ አደረገችና «እግዜር ይስጥህ፣ በር ነቃይ» አለችው። ስሙን ዕድሜ ልኳን የደጋገመችው አንድ በር መንቀሉን እንዳይረሳ ነበር። እሱ የሚያስታውሰው ግን ያልነቀለውን ነው።

አምና ክረምት የእኔ ቤት የመኝታ በር አልዘጋ አለ። ባለቤቴ አናጢ ልጥራ ሲል እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ለአባቴ ደወልኩ። አርጅቷል፤ በዱላ ነው የሚሄደው። ሲመጣ ግን ኪሱ ውስጥ ክርና ከባድ ብሎን ነበር። ብሎኑን በክሩ አስሮ ከመቃኑ ላይ አንጠለጠለውና ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ክሩ ረጋ። እኔ እስከማየው ድረስ እንጨቱን አልተለየም። አባቴ ግን ማየቱን ቀጠለ። ሻይ አመጣሁለት፣ ቀዘቀዘ።

«ዝናቡ ነው፣ አይደል?» አልኩት።

«ዛሬ እዚህ ልደር» አለ። ጠዋት ስነሳ ወንበሩን ደፉ ላይ፣ በበሩና በመቃኑ መሃል አድርጎ፣ እዚያው ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶት አገኘሁት። በሩ ትከሻው ላይ አርፎ ነበር። ዝናቡ እስኪያልፍ ድረስ ማንም በሩን እንዳይልገው አስምሎኝ ሄደ።

በጋ ሲገባ በሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ተስተካከለ። እንጨቱ ብቻ ነበር። ደስ ብሎኝ ወዲያው ደወልኩለት። «አባዬ፣ በሩ ወደ ልኩ ተመለሰ። ዝናብ ነበር» አልኩት።

የዱላው ጫፍ ወለሉን ሲመታ በስልኩ ሰማሁ።

«ለመርፌም ያልኩት እንደዚያ ነበር» አለኝ።